ሁለተኛ ሳውንድ ካርድ አትግዙ

ቤታቸው የሚቀርጹ ዘፋኞችና ዘማሪዎች ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የቱን ሳውንድ ካርድ ልግዛ?» «በእጅህ ያለው ምን ሆነ?» ስል ምሬቱ ይዘረገፋል። ድምፅ ያዘገያል፣ ይንጣጣል፣ ያጉረመርማል፣ ላፕቶፑ አያውቀውም። ሥራዬ ሰው ቤት እየሄድኩ እነዚህን ዕቃዎች ማገጣጠም ነው፤ እንዲህ ያለ ችግር አዲስ ዕቃ በመግዛት ሲፈታ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በግምት የሚገዛ አይደለም።

ገና ስገባ የምጠረጥረው ፕሮግራሙን ነው። የሚቀርጸው በሳውንድ ካርዱ ነው ወይስ በላፕቶፑ በራሱ ማይክ? ለማወቅ ቀላል ነው። እየቀረጻችሁ ማይኩን በጥፍር ጫር ጫር አድርጉ፤ ቀጥሎ የላፕቶፑን ጠርዝ። የትኛው ጎልቶ ተሰማ? ውድ ማይክ ፊት ቆመው በላፕቶፑ ማይክ ሲዘፍኑ የከረሙ ሰዎች አሉ። ማክ ላይ አብዛኞቹ ሳውንድ ካርዶች እንደተሰኩ ይታወቃሉ። ዊንዶውስ ላይ ግን የአምራቹን ድራይቨር መጫን፣ ከዚያም በመቅረጫው ፕሮግራም ውስጥ የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ አሲዮ የተባለውን የድራይቨር ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ሲዲው ጠፋ ብሎ የሚጨነቅ አይጨነቅ፤ ድራይቨሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል።

መዘግየቱ ሒሳብ ነው። ባፈሩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ባንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ ናሙና፣ 1,024 ሆኖ በ48 ኪሎኸርትዝ ስትቀርጹ ድምፁ ለመግባት 21 ሚሊ ሰከንድ፣ ለመውጣትም ያንኑ ያህል ይወስዳል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚሰማው ከ14 ሜትር በላይ ርቆ የቆመ ሰው የሚዘፍን ይመስል ነው። በዚህ ላይ ምት ጠብቆ መዝፈን የማይታሰብ ነው። ሲቀርጹ ባፈሩን ወደ 128 ማውረድ፣ ሚክስ ሲያደርጉ መልሶ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከዚህም የሚቀለው ብዙዎቹ ሳውንድ ካርዶች ላይ ያለው ዳይሬክት ሞኒተር የሚባለው ቁልፍ ነው፤ ድምፃችሁን ወደ ላፕቶፑ ሳያመላልስ በቀጥታ ወደ ሄድፎኑ ይልከዋል። ቁልፉን ግን ማንም አይነካውም።

«ታይፕ ሲ ስለሆነ ፈጣን ነው» የሚለውን የሻጭ ወሬ እለፉት። በ24 ቢት የተቀረጸ ሁለት ቻናል ድምፅ በሰከንድ 2.3 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 የተሠራው ለ480 ነው።

ጌይን ላይ፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ በሚያጎላው ማዞሪያ ላይ፣ ግን እቆጣለሁ። በካሴት ዘመን የቴፑ ሽሽታ እንዳይሰማ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይቀረጽ ነበር፤ ያ ልማድ ካሴት ነክተው ወደማያውቁ ልጆች እንዴት እንደተላለፈ አላውቅም፣ ሁሉም ቀዩ መብራት እስኪበራ ያዞሩታል። በ24 ቢት ስትቀርጹ የጩኸቱ ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም የሚጎድል ነገር የለም፤ በኋላ ከፍ ይደረጋል። ቀዩን ነክቶ የተቀደደ ድምፅ ግን በደንብ የሚመለስበት መንገድ የለም። ማሲንቆ በተለይ አታላይ ነው፤ ለስለስ ብሎ ጀምሮ ቀስቱ ሲጠነክር ድንገት ይዘላል። ስለዚህ ጌይኑን የምታስተካክሉት በዘፈኑ መግቢያ ሳይሆን በጣም በሚጮኸው ቦታ ይሁን።

ለማጉረምረሙ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ጥፋቱ የግራውንድ ነው፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ከመሬት ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። ካልጠፋ ኬብሉን ቀይሩ፤ ዩኤስቢውንም በማከፋፈያ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሰኩ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በኮንደንሰር ማይክ ለሚቀርጽ ሰው ግን የሚያድነው ሳውንድ ካርድ አልተሠራም። እንደ ኤስኤም58 ያለ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመድረክ ያገለገለ ዳይናሚክ ማይክ አፍ አጠገብ አድርጎ መዝፈን ይሻለዋል። ወይም ዝናቡን መጠበቅ።

መግዛት የሚገባው ሰውም አለ። የጭብጨባና የሳቅ ቁልፍ ያለው ለላይቭ የተሠራ ካርድ ይዞ አልበም ለመቅረጽ የተነሣ ይቀይር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና ድምፅ ባንድ ጊዜ፣ ለየብቻ ትራክ ሊቀርጽ የሚፈልግም ሁለት መግቢያ አይበቃውም፤ አራት ማይክ የሚቀበል ያስፈልገዋል። እነዚህ ሰዎች ላፕቶፓቸውን፣ ማይካቸውንና ኬብላቸውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ፤ ድራይቨሩን እዚያው ጭነው አንድ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ። «ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማቸው ብራቸውን ሳያወጡ ይውጡ።