"ሲፈልግ ይችላል" የምንለው ልጅ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ልጆቻቸው በትምህርት የተቸገሩባቸው ወላጆች ደጋግመው ከሚሉት አንድ አባባል ይጀምራል፦ "ዶክተር፣ ልጁ ምንም የለበትም፤ ሲፈልግ ይችላል።" ማስረጃውም አብሮ ይመጣል። ስልክ ከሰጡት ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ኳስ እያየ ቢጠሩት አይሰማም። ደብተር ሲከፈትለት ግን አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። እርሳሱ ይወድቃል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይመጣል። ስለዚህ ፍርዱ ቀላል ይመስላል፦ ስንፍና ነው፣ ንቀት ነው፣ ብልግና ነው። ከዚያ ኩርኩሙና ቀበቶው ይከተላል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ እንደዚህ አባባል የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየቱ ችግር እንደሌለበት አያሳይም። የችግሩ አንዱ መልክ ራሱ ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ቀልቡ አልጠፋም

ኤዲኤችዲ በአማርኛ ብዙ ጊዜ "የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ" ተብሎ ይተረጎማል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ልጁ ትኩረት የሚባል ነገር ያልተሰጠው ያስመስላል። የኛ ቋንቋ የተሻለ አገላለጽ አለው። "ቀልብህን ሰብስብ" እንላለን። ቀልብ አለ፣ ተበትኗል፣ የሚሰበስበው ያስፈልጋል ማለታችን ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቀልቡን ወደሚፈለገው ነገር ማዞር፣ እዚያ ማቆየት፣ ሲበቃ ደግሞ ከዚያ ማንሳት ይከብደዋል። ደብተር ላይ መቆየትም ከስልክ ላይ መነሳትም አብረው የሚያቅቱት ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ በዋናነት የሚመራው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። "ቆይ"፣ "መጀመሪያ ይህን ጨርስ"፣ "ተራህን ጠብቅ" የሚለን እሱ ነው። ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች ጋር የሚግባባው እንደ ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን ባሉ ኬሚካሎች አማካይነት ነው። ዶፓሚን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ "ይህ ነገር ቢለፋበት ያዋጣል" የሚል መልእክት ማስተላለፍ ነው። በኤዲኤችዲ ይህ መልእክት የሚተላለፍበት መንገድ ይለያል፤ በተለይ ውጤቱ ሩቅ ሲሆን መልእክቱ ይደክማል።

አሁን ሁለቱን አወዳድሩ። የስልክ ጌም በየሰከንዱ ይሸልማል። ድምፅ አለ፣ ቀለም አለ፣ ነጥብ አለ። የሂሳብ የቤት ሥራ ሽልማቱ ሰኔ ላይ በካርድ የሚመጣ ነው። ለሌላው ልጅ የሰኔው ካርድ ዛሬ ማታ ትንሽም ቢሆን ይታየዋል። ለዚህ ልጅ ግን በጣም ሩቅ ነው። ጌሙ አንጎሉ ከውስጥ በበቂ የማይሰጠውን ግፊት ከውጭ ያበድረዋል። ደብተሩ አያበድረውም።

ሞተሩ ቀድሟል፣ ፍሬኑ ዘግይቷል

በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 223 ልጆችና የሌለባቸውን 223 ልጆች አንጎል በኤምአርአይ እየተከታተሉ አነጻጽረው ነበር። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የደረሰው ኤዲኤችዲ በሌለባቸው ልጆች በ7 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ባለባቸው ደግሞ በ10 ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። ልዩነቱ ወደ 3 ዓመት ይጠጋል። መዘግየቱ ይበልጥ የታየው ከላይ በነገርኳችሁ የፊተኛው ክፍል ነው። እንቅስቃሴን የሚያዘው ክፍል ግን እንዲያውም ትንሽ ቀድሞ ነበር። ሞተሩ ተነስቷል፣ ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ነው እንደማለት ነው።

ይህ አማካይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርት ግን ትልቅ ነው። የ10 ዓመቱ ልጃችሁ ራሱን በመግዛት ረገድ እንደ 7 ዓመት ልጅ ቢሆንባችሁ፣ እያላገጠባችሁ ላይሆን ይችላል። በእውቀትና በማሰብ ችሎታ ግን ከእኩዮቹ ጋር እኩል ሊሆን ወይም ሊበልጥ ይችላል። ወላጅም መምህርም ግራ የሚጋቡት ጭንቅላቱ እየሠራ ሥራው ሲጎድል ስለሚያዩ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤምአርአይም ሆነ የደም ምርመራ ኤዲኤችዲን አይለይም። ሐኪሙ ሌላ የሚጠረጥረው ነገር ከሌለ፣ ለዚህ ብላችሁ የኤምአርአይ ገንዘብ አታውጡ።

"እኔም እንደሱ ነበርኩ፤ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት"

ይህን በተለይ ከአባቶች እሰማለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ኤዲኤችዲ በዘር በጣም ከሚተላለፉ የአእምሮ ጤና ሁኔታዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ልጁ አባቱን ወይም እናቱን ቢመስል አይገርምም። ያለ ጊዜ መወለድና ሲወለዱ ክብደት ማነስም ዕድሉን ይጨምራሉ። እናት ስላሞላቀቀችው የመጣ አይደለም። ስኳርም ኤዲኤችዲን አያመጣም።

በሁለተኛው ክፍል ግን አልስማማም። ሰው የሆኑት ዱላው ስለነበረ ነው ወይስ ዱላው እያለም ነው? አብረዋችሁ የተገረፉና ትምህርት ያቋረጡ የክፍል ጓደኞቻችሁን አስታውሱ። እነሱም ተገርፈዋል።

ዱላ ለዚህ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ልጁ ደንቡን ያውቃል። "መንገድ ስትሻገር ምን ታደርጋለህ?" ብትሉት በትክክል ይመልሳል። ኳሷ ወደ አስፋልት ስትንከባለል ግን ያወቀውን በዚያች ቅጽበት አይጠቀምበትም። በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ድልድይ ነው የላላው። ቅጣት የሚመጣው ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚያስተምረውም ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። አዲስ የሚጨምርለት ፍርሃት፣ ውሸትና "እኔ አልረባም" የሚል እምነት ነው። በቀን አሥር ጊዜ "ባለጌ" የተባለ ልጅ ከጊዜ በኋላ ስሙ ይመስለዋል።

ዝምተኛዋንም አትርሷት። ሴት ልጆች ላይ ኤዲኤችዲ ብዙ ጊዜ ያለ መቅበጥበጥ ይመጣል። በመስኮት ታያለች፣ ትረሳለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም። ማንንም ስለማትረብሽ ማንም አያስተውላትም፤ "ፈዛዛ" ተብላ ታልፋለች።

"ታዲያ ዝም ብለን እናሞላቅቀው?"

አይደለም። ኤዲኤችዲ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ደንብን አያስቀርም። እንዲያውም ይህ ልጅ ከሌላው የበለጠ ደንብ ያስፈልገዋል። ደንቡ ግን አጭር፣ ቅርብና ወዲያው የሚከተል መሆን አለበት። ልጁ በደከመበት ቦታ ላይ ድጋፉን እኛ ከውጭ እናስቀምጥለት።

✅ አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ስጡ። "ልብስህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን አውጣ፣ እህትህንም ጥራ" አራት ትእዛዝ ነው። ከማዕድ ቤት አትጩኹ፤ ቀርባችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ ንገሩትና እንዲደግምላችሁ አድርጉ።

✅ የቤት ሥራውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከፋፍሉት። በመሃል ይነሳ፣ ይዝለል፣ ውሃ ያምጣ፤ ከዚያ ይመለስ።

✅ ጊዜን የሚታይ አድርጉለት። "ቶሎ በል" ለዚህ ልጅ ትርጉም የለውም። የግድግዳ ሰዓት አሳዩት ወይም የስልክ ደወል ሙሉለት።

✅ ጥሩ ሲሠራ ወዲያውኑ፣ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት። "ጎበዝ" ብቻ ከማለት "ሳልነግርህ ቦርሳህን አዘጋጀህ" ይሻላል። ቅጣት ካስፈለገም ወዲያው፣ አጭርና ያለ ዱላ ይሁን፤ ለምሳሌ ያን ቀን ስልክ መከልከል።

✅ የመኝታ ሰዓቱ አይቀያየር፤ ስልክም ወደ አልጋ አይግባ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቀልቡ ይበልጥ ይበተናል።

✅ መምህሩን አነጋግሩ። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረውም ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋና ደብተር እንዲሰበስብ መላክ ገንዘብ አይጠይቅም። "ረብሻል" ተብሎ ከበር ውጭ የሚቆም ልጅ ግን ትምህርቱ ያመልጠዋል።

ሁሉም ቀበጥ ልጅ ኤዲኤችዲ የለበትም

የ4 ዓመት ልጅ መሮጡ ጤና ነው። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ገደማ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ይገመታል፤ ስለዚህ የቀሩት 95 ላይ ይህን ስም አንለጥፍ። ኤዲኤችዲ የምንለው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩና የልጁን ኑሮ የሚያውኩ ሲሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደገጠመው ጠይቁ።

ኤዲኤችዲ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮችም አሉ፦

🔹 ሰሌዳ አጥርቶ አለማየት፣ ወይም በጆሮ ሕመም ምክንያት በደንብ አለመስማት
🔹 ማንኮራፋትና የተቆራረጠ እንቅልፍ (ለምሳሌ በትልልቅ ቶንሲሎች ምክንያት)
🔹 የደም ማነስ
🔹 ለሰከንዶች ፍዝዝ ብሎ መቅረት፣ ሲጠሩት አለመስማት (ይህ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል)
🔹 ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም በቤት ውስጥ ጠብ ያየ ልጅ ጭንቀት

ዓይን፣ ጆሮና ደም ማየት በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ተቋም መጀመር ይቻላል። ከዚያ ሐኪሙ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይመራችኋል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የምታውቁት ይመስለኛል። "አማኑኤል ሄደ" መባልን ፈርታችሁ ልጁን አታዘግዩት። በአገራችን የሕፃናት አእምሮ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለሆኑ የወላጅና የመምህር ድርሻ ይበልጥ ከባድ ነው።

ስለ መድኃኒት

ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የመጀመሪያው ሕክምና ወላጆች የልጁን ባህርይ የሚይዙበትን መንገድ መማራቸው ነው። ከዚያ በላይ ላሉት፣ ችግሩ የሚያውክ ከሆነ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። የአንጎልን የዶፓሚንና የኖርኤፒነፍሪን መልእክት ያጠናክራል። የምግብ ፍላጎትን ሊቀንስና እንቅልፍን ሊያውክ ስለሚችል ክብደት፣ ቁመት፣ ግፊትና የልብ ምት መከታተል ያስፈልጋል። በሐኪም ክትትል በትክክል የተወሰደ መድኃኒት ልጁን ሱሰኛ ያደርገዋል የሚለው ስጋት በጥናት አልተደገፈም። ነገር ግን ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የላከውን፣ ወይም ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን ፈጽሞ አትስጡ።

ጸበል የምትወስዱ፣ የምትጸልዩ፣ ዱዓ የምታደርጉ ወላጆች እምነታችሁን ያዙ። ሁለት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሕክምናውን አታቋርጡ፤ ልጁንም "መንፈስ ነው" ተብሎ እንዲታሰር ወይም እንዲመታ አትፍቀዱ።

ይህን እያነበባችሁ "ይህ እኮ እኔ ነኝ" ያላችሁ ወላጆችም ትኖራላችሁ። ኤዲኤችዲ በብዙዎች ላይ እስከ አዋቂነት ይዘልቃል፤ አዋቂም ይታከማል።

በመጨረሻ አንድ የሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። "ሲፈልግ ይችላል" ልትሉ ስትሉ ቆም በሉና "ምን ቢታገዝ ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። ወደ ሐኪም ስትመጡም ያን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ልጁን የማውቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እናንተ ግን በየቀኑ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ያ ወረቀት ከብዙ ምርመራ በላይ ይጠቅመኛል።

ጽሑፉ ይጠቅማቸዋል ለምትሏቸው ወላጆች፣ በተለይም ለመምህራን አጋሩ። ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ለልጆቻችን ጤና ይስጥልን። 🙏