ያልተዘጋ መዝገብ

ሒሳብ የማስተምር ሰው በመሆኔ «ቁጥር አይዋሽም» የሚለውን አነጋገር ከተማሪዎቼ አፍ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔም በተማሪነቴ እንደነሱ አምን ነበር። ዛሬ በዚህ ዓምድ የማጫውትህ ግን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል የተማርኩበትን ታሪክ ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንድ አብሮ አደጌ ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። በሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ብዙ አልነበረምና ስለ በሽታው የሚጠይቅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። እኔም በስልኬ ያነበብኩትን ሁሉ እንደ ሊቅ እተነትን ነበር። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ነሐሴ ላይ የአብሮ አደጌ አባት ታመሙ። ኦክሲጅን ቢሰጣቸውም ትንፋሻቸው አልመለስ ስላለ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ በማግሥቱም በጉሮሯቸው ቱቦ ገብቶ ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ተገጠመላቸው። ጠያቂ መግባት ክልክል ነበር። ወዳጄ ማታ ከደጃችን ቆሞ «አንተ ታነባለህ፤ እስኪ ንገረኝ፤ መሣሪያ ከተገጠመለት ሰው ስንቱ ይድናል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «የኒውዮርክ ሐኪሞች ከመቶው 88ቱ ይሞታል ብለው ጽፈዋል» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

አባቱ በ19ኛው ቀን አረፉ። ከሰልስቱ በኋላ ብቻችንን ስንቀመጥ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፤ «አባቴን ሞት የወሰደው በ19ኛው ቀን ነው፤ አንተ ግን በመጀመሪያው ማታ ቀበርክብኝ። ስልክ ሲጮኽ የማነሣው መርዶ ለመስማት ብቻ ነበር። ነርሷ ድምፅህን ቅዳና ላክልን፥ በጆሯቸው እናሰማቸዋለን ብትለኝ፥ ለሞተ ሰው ምን ይባላል ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያን 88 የሚባል ቁጥር ከሥሩ ሳልመረምር መተኛት አልቻልኩም። ጽሑፉን ፈልጌ ሙሉውን አነበብኩት። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፥ በኒውዮርክና በአካባቢው ባሉ 12 ሆስፒታሎች ስለተኙ 5,700 በሽተኞች የሚናገር ነው። ከነዚህም 1,151ዱ በመተንፈሻ መሣሪያ የታገዙ ነበሩ። ጽሑፉ በተዘጋጀበት ቀን 282 ሞተዋል፤ 38 ድነው ወጥተዋል፤ የቀሩት 831 ግን ገና አልጋ ላይ ነበሩ። 88 በመቶ የተባለው የሞቱትን 282 ሰዎች ለ320 በማካፈል የተገኘ ነው። ከአልጋው ያልተነሡት 831 ሰዎች በሒሳቡ አልገቡም ማለት ነው! ጋዜጦች ቁጥሩን ለዓለም ካዳረሱት በኋላ መጽሔቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስተካክሎ ሦስቱንም ወገኖች ለየብቻ አተመ። ማስተካከያው ግን እንደ መጀመሪያው ወሬ ፈጥኖ አልተጓዘም፤ በነሐሴ እንኳ ከእኔ ዘንድ አልደረሰም ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ በምሳሌ ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ። 40 ተማሪዎች ለሦስት ሰዓት ፈተና ተቀምጠዋል እንበል። ገና በግማሽ ሰዓት አምስቱ ተነሥተው ወረቀታቸውን አስረከቡ፤ የአራቱ ወረቀት ባዶ ነው። ዲሬክተሩ መጥተው «ፈተናው እንዴት ነው?» ቢሉኝና «ከመቶው 80 ወድቋል» ብላቸው እውነት ተናገርኩን? «ከ40 የወደቀው አራት ብቻ ነው፤ ማለት ከመቶው 10 ነው» ብላቸውስ? ሁለቱም አያስኬድም። 35ቱ ገና እየጻፉ ናቸዋ! ፈጥኖ የሚነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ያልሆነለት ነው፤ የሚያልፈው ደወል እስኪደወል ይቆያል። በጽኑ ሕሙማን ክፍልም እንዲሁ ነው። በሽታው የበረታበት ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታል፤ የሚድነው ግን ከመሣሪያው ለመላቀቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ መዝገቡን ቶሎ የሚደምር ሰው የሚያገኘው ሞትን ነው።

ስሕተቱ በሌላም በኩል ይመጣል። በኢጣልያ አገር በሎምባርዲያ ክፍለ ሀገር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለተኙ 1,591 ሰዎች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ ከመቶው 26 ሞቷል፥ 16 ወጥቷል፥ 58 ገና እዚያው ነው ይላል። ሦስቱን ባንድነት ያነበበ ሰው አይሳሳትም፤ 26ቷን ብቻ ነጥሎ የያዘ ግን «ከአራት አንድ ብቻ ነው የሚሞተው» ብሎ ይጽናናል። ሐኪሞቹ መዝገቡን ከፍተው ጠበቁ። በዚያው ክፍለ ሀገር መጀመሪያ የገቡትን 1,715 ሰዎች እስከ ግንቦት ተከታትለው ሲደመድሙ፥ በሆስፒታል የሞቱት 915 ሆኑ፤ ማለት ከመቶው 53 ያህል። እንግዲህ 26ም 88ም አልነበረም፤ ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ነበር።

ግማሽ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከባድ ኀዘን ነው። ነገር ግን በግማሽና በ88 መካከል ለአንድ ልጅ ያለውን ልዩነት አስበው። አንደኛው «ተስፋም አለ፥ ሥጋትም አለ፤ ድምፅህን ላክ» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ድንኳን ፈልግ» ይለዋል። የወዳጄ አባት መሞታቸው የኔን ቁጥር እውነት አላደረገውም። ቢድኑ ኖሮም ስሕተትነቱ ያው ነበር።

ደግሞ ይህ ቁጥር እንደ ዕጣ ፈንታ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም፤ በሰው ጥረት ይለወጣል። ክፍሉ ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በ1944 ዓ.ም. ማለቂያ፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም.፥ በኮፐንሀገን ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። በአንድ ሆስፒታል ከመጀመሪያዎቹ 31 እንዲህ ያሉ በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ በቱቦና በጎማ ከረጢት አየር ወደ ሳንባ በእጅ መግፋት እንደሚቻል አሳየ። በቂ መሣሪያ አልነበረምና 1,500 ያህል ተማሪዎች በየተራ ተቀምጠው ሌት ተቀን ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። የሟቹም ቁጥር ከግማሽ እጅግ በታች ወረደ። ተማሪ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፥ እኅቴ፥ ይህን ሥራ የሠሩት እንዳንተና እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎች ናቸው።

በኮሮናም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሐኪሞች ዴክሳሜታሶን የተባለውን አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ለ2,104 በሽተኞች በቀን 6 ሚሊግራም እየሰጡ፥ ካልተሰጣቸው 4,321 ጋር አስተያዩ። ከባለ መሣሪያዎቹ መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሚሞተው ከመቶው 41 የነበረ ወደ 29 ወረደ። ኦክሲጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን አልጠቀመም፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አይገባም። በሽተኛውን በደረቱ ማስተኛትም ከዚያ በፊት የታወቀ ጥበብ ሲሆን በየአገሩ በሰፊው ተሠራበት።

ወደ ራሳችን አህጉር ስንመለስ ግን ነገሩ ያሳዝናል። በ2013 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ኢትዮጵያ ባለችበት በ10 የአፍሪካ አገሮች 64 ሆስፒታሎችን ተመልክቷል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዲገቡ ከተላኩት 6,779 ሰዎች አልጋ ያገኙት 3,752 ብቻ ናቸው። ውጤታቸው ከታወቀው 3,077 መካከል በ30 ቀን ውስጥ 1,483 ሞቱ፤ ማለት ከመቶው 48 ነው። የዓለም አማካይ 31 ተኩል ያህል ነበር። ልዩነቱን በሽታው ብቻውን አላመጣውም፤ የአልጋውና የመሣሪያው ማነስ፥ ያለውም መሣሪያ ለሚገባው ሁሉ አለመድረሱ ነው። አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልንና የሚሌኒየም አዳራሽን ለዚህ በሽታ ማዋሏን እናስታውሳለን። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአደጋው ጊዜ አበቃ ብሏል፤ አልጋ የማጣቱ ጉዳይ ግን በኮሮና አልተጀመረም፥ በኮሮናም አላበቃም።

ወዳጄ ከእኔ ጋር አልተጣላም። በ2013 ዓ.ም. አክስቱ በዚያው በሽታ መሣሪያ ላይ ሲሆኑ እንደገና መጥቶ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ እንዲህ አልኩት፤ «እሳቸው ምን እንደሚሆኑ እኔ አላውቅም። ከብዙ ሰው ግማሽ ያህሉ ድኖ ወጥቷል። የእሳቸው መዝገብ ገና አልተዘጋም። ሐኪማቸውን በየቀኑ ጠይቅ፤ ድምፅህንም ላክላቸው።» ላከ። ከወር በላይ ቆይተው ወጡ።

ወጡ ማለቴ ግን አለቀ ማለቴ አይደለም። እኒያ ቡና አፍልተው ሰፈሩን የሚሰበስቡ ሴት ሲኒ የሚይዙበት ኃይል አጡ። ሌሊት እየባነኑ ይጮኹ ነበር፤ የልጆቻቸውን ስም እስከ መሳሳት ደረሱ። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል፤ ብዙ ቀን በመሣሪያ የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፥ ማስታወሱ ይደክማል፥ ፍርሃትና ትካዜ ይከተለዋል። ቀስ በቀስ በእንቅስቃሴና በእንክብካቤ ይሻለዋል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። እንግዲህ ከሆስፒታል መውጣትም ቢሆን መዝገቡን አይዘጋውም።

አንባቢዬ ሆይ! ተማሪም ብትሆን፥ በመሥሪያ ቤት ሪፖርት የምትደምር ጸሐፊም ብትሆን፥ ከመቶ ይህን ያህል ነው ሲሉህ ሦስት ነገር ጠይቅ። የተቆጠሩት እነማን ናቸው? የተቆጠሩት መቼ ነው? ያልተቆጠሩትስ የት አሉ? ይህን ሳትጠይቅ ቁጥሩን ለሰው አታድርስ፤ በተለይ በደጅህ ቆሞ ስለ አባቱ ለሚጠይቅህ። ከ831ዱ አንዱ የእሱ አባት ሊሆኑ ይችላሉና።