ቁስል በስንት ቀን ይሽራል?

ባለፈው ሰሞን ኤረር ነበርኩ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አሮጌ የባቡር መስመር ላይ ያለች፣ ፍል ውሃዋን ብለው ሰዎች የሚመላለሱባት የሲቲ ዞን ከተማ ናት።

ፍል ውሃው ዳር አንድ ወጣት አገኘሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ከመኪና ላይ የተንሸራተተ ጆንያ ቅልጥሙን ሰብሮት ጀሶ ታሰረለት። ሐኪሙ 3 ወር እንዲያርፍ ነግሮት ነበር። እሱ ግን በ5ኛው ሳምንት ጀሶውን አስፈትቶ ሥራ ገባ። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። አሁን ያነክሳል፤ ከባድ ሸክም አይችልም። ውሃው ሕመሙን ቢያስታግስልኝ ብሎ ነው የመጣው።

«ትንሽ ብትታገስ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«ዋላል፣ እኔማ እታገሳለሁ። የቤት ኪራዩ ነው የማይታገሰው» አለኝ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ነገር ጨዋታ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ግን ታገሱኝ። ተማሪ ሳለሁ ከውጭ የመጣ ጓደኛችን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አስለምዶን ነበር። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ የተጻፈ ጀግና አለን፤ ዳይስ እየጣልን ከጭራቅ ጋር እንዋጋለን። ጀግናው የሕይወት ነጥብ አለው። በተመታ ቁጥር ይቀነስበታል።

የገረመኝ ውጊያው ሳይሆን ከውጊያው በኋላ ያለው ነው። የካህን ጸሎት ወይም የአስማት መድኃኒት ያላገኘ ጀግና በራሱ ጊዜ መዳን አለበት፤ ያ ደግሞ ቀን ይፈጃል። በ1974ቱ ደንብ የመጀመሪያው ቀን ምንም አይመልስም፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ 1 ነጥብ ብቻ ይመለሳል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታ መሪው መጽሐፍ በቀን 1 ነጥብ አደረገው። 4 ሳምንት ሳያቋርጥ ያረፈ ጀግና ግን ሙሉ በሙሉ ይድናል። ነጥቡ አልቆ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ደግሞ ቢያንስ 1 ሳምንት ቀስ ብሎ ወደ ማረፊያው ከመሄድ፣ ከመብላትና ከመተኛት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም።

በዚሁ መጽሐፍ ሦስት ነገሮች ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የተዋጋበት ቀን እንደ ዕረፍት አይቆጠርለትም። ሁለተኛ፣ ከመነሻው አቅመ ደካማ የሆነ ከሚድንባቸው ቀናት ላይ በየሳምንቱ ይቀነስበታል። ሦስተኛ፣ ተኝቶም ቢሆን የወር መተዳደሪያ ወርቁን ይከፍላል። ማረፍ ነጻ አይደለም።

ይህን የጻፉት ሰዎች ስለ ጭራቅ እያወሩ ስለ ጫኝና አውራጅ እውነቱን ተናግረዋል። ገና ያልዳነ እግሩን ይዞ ጆንያ የተሸከመበት ቀን ለመዳን አይቆጠርለትም። በቅጡ ያልበላ ቶሎ አይሽርም። ኪራዩ ደግሞ ይቆጥራል።

ጨዋታው ኋላ ተለወጠ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው ዕትም ጀግናው 8 ሰዓት ካረፈ የጎደለው ነጥብ ሁሉ ይመለስለታል። ማታ በሰይፍ የተወጋ ጠዋት ይዘላል። ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ማን ተቀምጦ ቀን መቁጠር ይፈልጋል? ችግሩ እኛ ይህን ደንብ በእውነተኛ ሰው ላይ መጫናችን ነው። «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን፤ በሳምንቱ «እስካሁን አልተሻለህም እንዴ?» እንላለን። ሥጋ ግን የድሮውን ደንብ ነው የሚከተለው። በቁስል ላይ የተሠራ አዲስ ቆዳ ከ3 ወር በኋላ እንኳ የሚኖረው ጥንካሬ ከቀድሞው 80 በመቶ ገደማ ነው።

ሕጋችን ይህን አያውቅም አትበሉኝ፤ ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ እስከ 1 ዓመት ይከፈለው ይላል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ደንቡ ደግ ነው። ግን ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ፣ ነገ ለሌላው የሚያወርድ ልጅ አሠሪው ማነው? ውሉስ የታለ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ቢሆን እንኳ የሚሸፈንለት የሕክምናው ወጪ ነው። የተኛበትን ቀን የሚከፍል የለም።

ባህላችንም ያውቃል። ሶማሌ እናት ከወለደች በኋላ 40 ቀን ቤት ትቀመጣለች፤ ሌላው ይሠራላታል፤ 40ው ሲሞላ ይደገሳል። ደገኛውም አራሱን ገንፎ እያበላ ያስተኛል። «ተነሽ» የሚል የለም። ያ ዕረፍት የሚሳካው አራሷ ስለታገሰች ብቻ አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀና ወጪው የተከፋፈለ ስለሆነ ነው። መንግሥትም በገጠር ሴፍቲኔት እርጉዝና አራስ እናቶችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ ድጋፉ እንዲቀጥልላቸው አድርጓል። ስለዚህ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ለቆሰለ ሰው አልደረሰም እንጂ።

እድራችንን ተመልከቱ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ያው ሰው ከ1 ዓመት በፊት 3 ወር ተኝቶ ቢሆን ግን ብዙው እድር የሚለው ነገር የለውም። ሶማሌው ችግር ሲመጣ ቃራን ያዋጣል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጊዜ ነው። ቁስል ደግሞ በየቀኑ ነው የሚጠይቀው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው፤ ዘግይቶና በዝቶ ነው የሚወጣው። የ2 ወር ኪራይ ያጣ ልጅ አሁን ዕድሜ ልክ የሚያነክስ ሆኗል። ያ ኪሳራ በእሱ፣ በእናቱና በሰፈሩ ላይ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ብር እየቆረጡ የማገገሚያ ሣጥን ያቋቁሙ። እድሮች ከለቅሶው መዋጮ ላይ ለተሰበረ አባል የሚሆን ይመድቡ። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ የዕረፍቱን ቀን ቆጥሮ በወረቀት ይስጥ፤ ሣጥኑም በዚያ ወረቀት ይክፈል። መንግሥት ደግሞ የጤና መድህኑን ሲያሻሽል ከክኒኑና ከጀሶው አልፎ ስለ ቀኑም ያስብ።

የኤረር ፍል ውሃ ለደከመ ሰውነት ጥሩ ነው፤ እኔም ገብቼበታለሁ። ጠሞ የገጠመ አጥንት ግን አያቃናም። ያ ልጅ በጊዜው የሚያስፈልገው ተጨማሪ 7 እና 8 ሳምንት ነበር።

በየሰፈራችሁ ለታመመ አባል የሚከፍል እድር ካለ፣ እንዴት እንደሚሠራ ጻፉልኝ። ለሌሎች እናካፍላለን።