መኪናዎ ስትግል፣ ሞተር ከማስወረድዎ በፊት

«ዕድሜዬ 41 ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። በዕቁብና በብድር አንድ አሮጌ ኮሮላ ገዝቼ በእሷ እተዳደራለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን እየጋለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። መካኒኩ ‹ቴስታታው መውረድ አለበት› ይለኛል። የጠየቀኝ ገንዘብ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ይተውሃል› አለኝ። ማንን ልስማ?»
(ከአዲስ አበባ)

ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ። መኪና ጋለች ማለት ሰው አተኮሰው እንደማለት ነው፤ ትኩሳት ሁሉ ደግሞ ወባ አይደለም። መጀመሪያ «መቼ ነው የምትግለው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

መንገድ ተጨናንቆ ስትንፏቀቅ ግላ፣ መንገዱ ሲለቀቅላት የምትቀዘቅዝ ከሆነ ቬንትሌተሩን ይጠርጥሩ። መኪና ስትሮጥ ራዲያተሩን ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆም ግን ተስፋዋ ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩን በሚኒሞ ትተው፣ የሙቀት ጌጁ ከፍ ሲል መዞሩን ይዩ። እጅዎን ግን እንዳያስጠጉ፣ ሳይታሰብ ይነሳል። ካልዞረ ፊውዙንና ሽቦውን ያስፈትሹ። አንዳንዴ የዚህ ሁሉ ጭንቀት መድኃኒት አንድ ፊውዝ ነው።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ረጅም ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ የምትግል ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ቺንጋው ላልቶ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል።

ውሃ በየቀኑ የምትጨርስ ከሆነስ? ጠዋት ከሥሯ ያለውን መሬት፣ የጎማ ቱቦዎቹንና የፓምፑን ሥር ይመልከቱ። የራዲያተሩንም ክዳን አይናቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ቶሎ እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው ይኸው ክዳን ነው። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ይለውጡት።

ጌጁ ወደ ላይ ወጥቶ፣ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ሲግል የታችኛው ከቀዘቀዘ፣ ወይ ቴርሞስታቱ አልከፍት ብሏል ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቴርሞስታቱን አስወጥተው ድስት ውስጥ በውሃ ያፍሉት። ብዙዎቹ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፤ ቁጥሩም ላዩ ላይ ተጽፏል። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ በአዲስ ይተኩት። እንደ ጓደኛዎ ምክር አውጥቶ መጣል ግን አያዋጣም። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አሁን ወደ መካኒኩ እንምጣ። እሱም ልክ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት። ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ሞተሩ ሞቆም በጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት አላቋርጥ ካለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላ አልቀረም። እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቀን አይቁጠሩ፤ እየጋለች በነዷት ቁጥር ቴስታታው ይጣመምና ወጪው እጥፍ ይሆናል። ምልክቶቹ ከሌሉ ግን «በምን አወቅህ?» ብለው መካኒኩን ይጠይቁ። ሳይፈታ በፕሬዠር መፈተሽ ስለሚቻል መጀመሪያ ያንን ያስደርጉ።

ሌሎች አሽከርካሪዎችም ይህን ልብ በሉ። መንገድ ላይ ስትግልባችሁ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን በጋለበት መክፈት ፊትን ያስልጣል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሁልጊዜ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከመሙላት ደግሞ ኩላንት ቀላቅሉበት፤ ዝገቱንና ዝቃጩን ይከላከላል፣ የሚፈላበትንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

መልካም መንገድ!