ስንቅ የሌለው ሠራዊት

ቃል አንዳንድ ጊዜ ዕዳ ይሸፍናል። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ዙሪያ ሲነገር የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር አንድ ትክክለኛ ውሳኔ ወስና ነበር። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥና፣ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት፣ ደመወዝተኛ አድርጋ መደበች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። የጤና ኬላውን በር ክፍት ያደረገው፣ ክትባቱን ወደ ገጠሩ ያቀረበው ይህ ውሳኔ ነው። ሥራ ስለ ነበረ ተከፈለበት።

ነገር ግን ሁለት ሴቶች 5,000 ያህል ሕዝብ ቤት ለቤት ሊያዳርሱ አይችሉም። ጉድለቱን ለመሙላት በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተደራጀ፤ አንዷ ለአምስት። ያቺ «አንዷ» ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ትመክራለች፤ ነፍሰ ጡሯን ለምርመራ ትገፋፋለች፤ ምጥ የያዛት ስትኖር ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ታፈላልጋለች፤ የሆነውንም ሁሉ ለኬላው ታሳውቃለች። የቤቷ ውኃ ግን አልተቀዳም፤ እንጨቱም አልተለቀመም። ሠራዊት ተባለች እንጂ ስንቅ አልተቆረጠላትም። ለመሆኑ ቀበሌ ሲጠራት «አልመጣም» ማለት የማትችል ሴት ፈቃዷ የቱ ላይ ነው?

«የማኅበረሰብ ባለቤትነት» ነው ይባላል። ደግ። ታዲያ ያንኑ ባለቤትነት ሊያስረዳ ከወረዳ በመኪና የሚመጣው ተቆጣጣሪ የውሎ አበል የሚቀበለው ስለ ምንድን ነው? (እርሱም ይገባዋል፤ መንገዱ ሩቅ ነው።) ነገሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እጥረቱ ዘወትር በገጠር ሴት ጉልበት ላይ ባላረፈ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ክብደትና ለሚያውሉት ጊዜ የሚመጥን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ጎረቤት ኬንያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 እንዲህ ያሉ 100,000 ያህል ሠራተኞች ስታሰማራ ወርኃዊ አበል ወስናላቸዋለች። አበሉ ቢዘገይ እንኳ «የታለ?» ተብሎ የሚጠየቅ አካል አለ። ያልተወሰነ አበል ግን ዘገየ አይባልም፤ የሚጠየቅበትም የለም።

በወረዳው በጀት ነዳጅ የሂሳብ መደብ አለው፤ የውሎ አበልም አለው። ቤት ለቤት ለምትዞረዋም ሴት አንድ መደብ ይከፈትላት።