ሞተሩ አልነሳ ሲል

የዚህ ሳምንት ንባባችን ስለ ወፍጮ ሞተር ነው። ለምን ስለ ወፍጮ? ትሉን ይሆናል። ወፍጮው በቆመ ሳምንት የማታው ክፍል ባዶ ስለሚሆን ነው። ወንዶቹ ይመጣሉ፤ ሴቶቹ ግን ይቀራሉ። እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያመሻሉ። ወይም በአህያ ጭነው ሩቅ ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ፤ ሳይመለሱ ይመሻል። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ፊደሉ የትም አይሄድም፤ የልጆቹ እራት ግን አይቆይም» አሉን። እውነታቸውን ነው።

ወፍጮው ሲቆም መካኒክ ከከተማ ይጠራል። እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። መጥቶም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ትንሽ ነው። አንድ ብሎን ያላላል፤ ጥቂት ናፍጣ ያፈሳል፤ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል። ሞተሩ ቱግ ቱግ ብሎ ይነሳል። እሱም ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። መካኒኩ አስማት አልሠራም። የሠራውን እኛም መሥራት እንችላለን።

መጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። የቤንዚን መኪና ካንዴላ አለው። ካንዴላው ብልጭ ሲል ቤንዚኑ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል? ከአየር ነው! ፒስተኑ አየሩን በጠባብ ቦታ ያምቀዋል። አየር ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ መንፊያው ይሞቃል። በሞተሩ ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን አስቡ። በዚህ ግለት ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ሲረጭ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ይህን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩን በ1897 እ.ኤ.አ. አሠርቶ አሳይቷል።

እንግዲህ ሞተሩ የሚፈልገው ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየርና ጥሩ እመቃ ነው። አልነሳ ካለ ከነዚህ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። የትኛው እንደጎደለ የሚነግረን ጢሱ ነው። አንድ ሰው ማኖቬላውን ያዙር፤ ሌላው ጢስ ማውጫውን ይመልከት። ምንም ጢስ ካልወጣ፣ ናፍጣው ወደ ውስጥ አልደረሰም። ነጭ ጢስ ወጥቶ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልነደደም። ይህን ብቻ ማወቅ የግማሽ ቀን ከንቱ ልፋት ያድናል። ብዙ ሰው ግን ጢሱን ሳያይ ፖምፓውን ይፈታል። ፖምፓ በመንደር ባይፈታ ይሻላል። ውስጡ ያሉት ዕቃዎች እጅግ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ታበላሻቸዋለች።

ጢስ የለም እንበል። ናፍጣ አለ ወይ? አትሳቁ፤ ሳያዩ የሚለፉ አሉ። ቧንቧው ተከፍቷል ወይ? የናፍጣው መያዣ ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ በዱቄትና በአቧራ ከተደፈነች ናፍጣው መውረድ ያቆማል። ክዳኑን ስትከፍቱት ከወረደ፣ ችግሩ ተገኘ። ሌላው ውሃ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ስለዚህ በርሜሉ ሳይነቃነቅ ይረፍ፤ ከሥሩም አትቅዱ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በቧንቧ ውስጥ የገባ አየር ነው። ናፍጣው አንዴ ሙልጭ ብሎ ካለቀ አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ መያዣው ጢም ብሎ ቢሞላም ሞተሩ እንቢ ይላል። ፖምፓው አየሩን ይጨምቃል እንጂ ናፍጣውን አይገፋም። መካኒኩ ያላላው ብሎን ይህን አየር ማስወጫ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ አላሉት። ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ይወጣል። ያለ አረፋ መውረድ ሲጀምር አጥብቁት። በፖምፓው ላይም እንዲሁ አድርጉ። በመጨረሻ ናፍጣ ወደሚረጨው ኖዝል የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ ዳዶ አላሉና ማኖቬላውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ናፍጣ ብቅ ሲል አጥብቁ። አሁን እያዞራችሁ ጆሯችሁን ስጡ። ከኖዝሉ ጭርር የሚል ድምፅ ከተሰማ ናፍጣው እየተረጨ ነው። እጃችሁን ግን ኖዝሉ በሚረጭበት ፊት አታድርጉ። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁልፍ መጨበጥ የሚችል ሁሉ ይህን ሥራ ይችላል፤ ሴቶቹም ቆመው ከሚጠብቁ ይማሩት።

ነጭ ጢስ ካለስ? ጠዋት በደጋ አገር ብርዱ ራሱ ያስቸግራል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ሙቅ ውሃ ሲጨመርለት ይቀለዋል። አየር ማጣሪያውንም እዩት። ወፍጮ ቤት ዱቄት ይበናል፤ ማጣሪያው ይታፈናል። ከዚያ መዘውሩን በእጃችሁ ግፉት። እንደ ሞላ መልሶ መግፋት አለበት። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ አየሩ በቫልቭ ወይም በፒስተን ቀለበት በኩል እየሸሸ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ነገር ግን «ሞተሩ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትላኩበት። «ነጭ ጢስ አለው፤ እመቃ የለውም» ብላችሁ ጻፉለት፤ በወረቀትም ሆነ በስልክ መልእክት። የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። አለዚያ አንዴ ለማየት፣ አንዴ ለመሥራት ይመላለሳል፤ ሁለቴም ያስከፍላል።

የመኪናም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብቻ ካለና መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል። ወይም የባትሪው ራስ ነጭ አመድ የመሰለ ዝገት ይዟል፤ ሽቦው ተነቅሎ ይጠረግ። በዚህን ጊዜ መኪና መግፋት የሰፈር ልጆችን ደስ ያሰኛል፤ ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ግን መግፋቱ አያስነሳውም።

ሞተሩን ስታስነሱ ነጠላና ጋቢ አውልቁ። መዘውሩም ቺንጋውም ጨርቅ ይጎትታሉ። ማኖቬላውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ እጀታው ወደኋላ ቢመታ ጣት አይሰብርም። ቤንዚን በአየር ማስገቢያው አታፍሱ፤ ሰው ያቃጥላል። ጢስ ማውጫው ከቤት ውጭ ይውጣ። በጢሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

የዚህ ሳምንት የጽሕፈት ልምምድ፦ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ በናፍጣው በርሜል ላይ «ናፍጣ»፣ በውሃው ላይ «ውሃ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። የሞተሩ ዘይት የተቀየረበትን ቀንም በግድግዳው ላይ ጻፉ። የምትሄዱት ቀን ይሁን፤ ማታ ከሆነ ግን ኩራዝ ይዛችሁ ወደ ናፍጣ አትቅረቡ።