የእማዬ ላም ገመድ

ባለፈው መስቀል ልጆቼን ይዤ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ተወለድኩበት መንደር ስሄድ ለእናቴ ያልነገርኳት ጉዳይ ነበረኝ። አዲስ አበባ ያለነው ሦስት ወንድማማቾች ተመካክረን ላሟ እንድትሸጥ ወስነናል። ምክንያቱ የሣር ነገር ነው። ልጅ ሆነን ኳስ የተጫወትንበት ጀፎረ፣ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ ከብት በዝቶበት ተላጭቷል። የእናቴ የግል ግጦሽም ከዚያ አይሻልም። በጋ በገባ ቁጥር «ጭድ መግዣ ላኩልኝ» የሚል ስልክ ይመጣል። ለማሳመን የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ግብርና ስለማነብ አዋቂ መስያቸው ነው።

ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ነገሩን አነሳሁ። ወተቱንም ቅቤውንም እኛ እንገዛልሻለን አልኳት።

«እንሰቱንስ ማን ያበላዋል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ለዓመት የሚደርስ ተክል አይደለም፤ ለቆጮ እስኪበቃ ዓመታት ይቆማል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የሚቀልበው እበት ነው። ላሟ ማታ ቤት ትገባለች፣ ጠዋት እበቷ ተጠርጎ ጓሮ ይደፋል። በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ ደግሞ የእንሰቱ ቅጠል ተቆርጦ ለላሟ ይሰጣል። ላሟ ብትሸጥ ዘንድሮ ምንም አይጎድልም። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ እንሰቱ ሲቀጭጭ ነው።

በማግስቱ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከደጅ ጠራችኝ። «አባዬ፣ ገመዱ የማይደርስበት ሣር ለምን ረጅም ሆነ?» ላሟ ሁልጊዜ የምትታሰረው በአንድ ችካል ላይ ነው። በዙሪያዋ ክብ ሆኖ አፈሩ ወጥቷል፤ ከክቡ ውጪ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ አላየሁትም።

ያኔ አንድሬ ቯዛን ትዝ አለኝ። ፈረንሳዊ ነው፤ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ዲየፕ ከተማ አጠገብ የራሱን ላሞች እያረባ ሣር ሲግጡ የሚመለከትና የሚመዘግብ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የተናገረው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ግጦሽን የሚያጠፋው የከብቱ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ሣሩ ሳያገግም ደግሞ መነጨቱ ነው። ሣር ሲጋጥ አዲሱን ቅጠል የሚያወጣው ሥሩ ላይና ግርጌው ላይ ካጠራቀመው ስንቅ ነው። ቅጠሉ አድጎ ስንቁን ሳይመልስ ላሟ ድጋሚ ከነጨችው ከባዶ ጎተራ ይበደራል፤ ሥሩም እያጠረ ይሄዳል። በእሱ አገር ሣሩ በሚፈጥንበት ወቅት 18 ቀን፣ በበጋው ማብቂያ ደግሞ እስከ 36 ቀን ማረፍ አለበት ይል ነበር። የዕረፍቱን ቀን በግማሽ ብትቀንሱት የምታገኙት ሣር ግማሽ ሳይሆን ሲሶ ነው የሚለው ስሌቱ ነው እኔን ያስገረመኝ። (ሰውዬው በ1964 ለትምህርት ተጋብዞ ኩባ ሄዶ ሃቫና ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ሣር የት አያደርስም!)

የእናቴ አንዲት ላም እንግዲህ አልበዛችም። አንድ ቦታ ቆማ የቀረችው እሷ ናት።

ከልጄ ጋር ግጦሹን በእርምጃ ለክተን ስምንት ቦታ ከፈልነው። በየሦስት ቀኑ ችካሉ ይዛወራል፤ እያንዳንዱ ቦታ 21 ቀን ያርፋል ማለት ነው። የኖርማንዲ ቁጥር ለእኛ ደጋ የተሰፋ ልብስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዝናቡ ሲያቆም ሣሩ 21 ቀን ቀርቶ በወርም ላይመለስ ይችላል፤ ያኔ ላሟን ቤት አስሮ ቅጠልና ጭድ ማብላት ነው። እናቴ ከአጥሩ ተደግፋ ስታየን ቆየችና፣ «ይሄን ከፈረንጅ ነው የተማርከው? አባትህ ከሐምሌ ጀምሮ ያችን ጥግ ይዘጋት አልነበር? ልጆቹ ከተማ ገብታችሁ ጠባቂ አጥቼ ነው አንድ ቦታ የማስራት» አለች። ይህቺ ከቯዛን መጽሐፍ በላይ ከበደችኝ።

ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ታናሼ «አንተን አሳምን ብለን ብንልክ አሳምነውህ መጣህ» ብሎ ተቆጣ። ቢሆንም እስከ ግንቦት እንድንጠብቅ ተስማምተናል። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ክፍል ደህና ተመልሶ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ግን ዘግይቷል፣ ጭድም መግዛታችን አልቀረም። ላሟ እርጉዝ ናት።

ልጄ በደብተሯ ስምንት ሣጥን አስምራ ቀን ትቆጥራለች። ትናንት ማታ ደውላ፣ «እማማ፣ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ችካሉን ነቀልሽው?» አለቻት።

«ጠዋት ነቅዬዋለሁ። አባትሽን ግን የጭዱን ገንዘብ አልላክህም ብላሃለች በዪልኝ።»